የፈተናው ቋንቋና የመካሪው ቋንቋ፦ የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ በፖርት ቤልና በሉዚራ

1. ቦታውና ጥያቄው

ከካምፓላ መሀል ከተማ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ፖርት ቤል ስሙን የወረሰው ከሰር ሄስኬዝ ቤል ነው። እኒህ ሰው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኡጋንዳ የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት የበላይ አስተዳዳሪ ነበሩ። ወደቡ ከኪሱሙና ከምዋንዛ የሚመጡ መርከቦችን ሲያስተናግድ የኖረ በመሆኑ፣ ሉጋንዳ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ከሌሎች የሐይቁ ዳር ቋንቋዎች ጋር የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ከወደቡ ጋር የተያያዘው የሉዚራ ሰፈር ግን በአገሪቱ ይበልጥ የታወቀው በሌላ ነገር ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን የተሠራው፣ በኡጋንዳ ትልቁና ከፍተኛ ጥበቃ የሚደረግበት እስር ቤት የሚገኘው እዚያ ነው፤ የሴቶቹም እስር ቤት በዚያው ግቢ አጠገብ ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙውን ጊዜ በኅዳግ ይታለፋል። ታሪኩ የሚነገረው በተቋማት፣ በዘመቻዎችና በተመራቂዎች ቁጥር ነው። የቋንቋ ተመራማሪ ግን በሉዚራ የሚያገኘው ጥያቄ በእነዚህ መዝገቦች መልስ አያገኝም። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ያቋረጠውን ትምህርት እንዲቀጥል የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጠው ክፍያው ይሸፈንለታል፤ ከሚያስብበት ቋንቋ ወደሚፈተንበት ቋንቋ የሚያሻግረው ግን ማን ነው?

የቀጣዩ ሐተታ መነሻ ሐሳብ፣ የማሻገሩ ሥራ በአካባቢው ታሪክ ሁሉ የመካሪው ሥራ ሆኖ መኖሩ ነው። መካሪ ሲባል እዚህ ላይ የተሾመ መምህር ብቻ ማለት አይደለም፤ አጠገብ ተቀምጦ የከበደውን ቃል በሚታወቅ ቃል የሚፈታ፣ ብዙውን ጊዜ ራሱም ተማሪ የሆነ ሰው ማለት ነው። ዕድሉን የሰጡት ወገኖች ስም በመዝገብ ሲቀመጥ፣ መካሪው የሠራበት ቋንቋ ግን አልተመዘገበም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. አንባቢዎቹ

በቡጋንዳ የፊደል ትምህርት የተጀመረው በሕፃናት ሳይሆን በወጣቶችና በጎልማሶች ነው። የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1877፣ የፈረንሳይ ካቶሊካውያን በ1879 ወደ ካባካው ቤተ መንግሥት ሲደርሱ፣ መጀመሪያ ወደ ንባብ የቀረቡት የቤተ መንግሥት አሽከሮች፣ ሹማምንትና ባለሟሎች ነበሩ። ከእነዚህ አንባቢዎች ብዙዎቹ በ1885 እና በ1887 መካከል በካባካ ሙዋንጋ ትእዛዝ ተገድለዋል። ንባብ በአካባቢው ከመነሻው ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነበር።

የዚያ ዘመን አሻራ በቋንቋው ውስጥ አለ። በሉጋንዳ «ኦኩሶማ» ማለት ማንበብም መማርም ነው። በዚያ ዘመን «አባሶሚ»፣ ማለትም አንባቢዎቹ፣ የሚለው ቃል አዲሱን እምነት የተቀበሉትን ሰዎች መጠሪያ ሆነ። ትምህርት ቤቱ «ኤሶሜሮ» ነው፤ የሚነበብበት ቦታ እንደ ማለት። አስተማሪው ደግሞ «ኦሙሶሜሳ» ይባላል፤ ከዚያው ግሥ በአስደራጊ ቅጥያ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚያስነብብ እንደ ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን አወቃቀር ወዲያውኑ ያውቀዋል። «አስተማሪ» የሚለውም ቃል «ተማረ» ከሚለው ግሥ በአስደራጊነት የወጣ ነውና። በሁለቱም ቋንቋዎች አስተማሪ ማለት ሌላው እንዲማር የሚያደርግ ነው፤ የሥራው ፍሬ የሚታየው በሌላው ሰው ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች የተማሩበት መንገድም ከዚህ ጋር ይስማማል። የሚስዮናውያኑ ቁጥር ጥቂት፣ የመጻሕፍቱም ብዛት አነስተኛ ስለ ነበር፣ ማንበብ የቻለው ለጀማሪው ያስተምር ነበር። ንባቡ በሉጋንዳ መሆኑም ይህን አፋጠነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1896 በሉጋንዳ ታትሞ ሲወጣ ከሚስዮን ግቢ ውጭ ሰፊ አንባቢ ይጠብቀው ነበር። በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርትም ንባብ የዘለቀው ተማሪ ለጀማሪው ፊደል ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ ከፍ ያለውን ትምህርት ያካሂዳሉ። በሁለቱም ልማዶች የተማሪ ለተማሪ እርዳታ የመምህር እጥረት የወለደው ጊዜያዊ መላ ብቻ አልነበረም፤ ራሱን የቻለ የማስተማሪያ ሥርዓት ነበር።

3. ከፊደል እስከ ዲግሪ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትምህርቱ መሰላል ሲረዝም ግን በመካከሉ የቋንቋ ክፍተት ተፈጠረ። በ1922 የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመው ማኬሬሬ፣ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ልዩ ግንኙነት ያለው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ። የኮሌጁ ተማሪዎች ካምፓላ ተቀምጠው የለንደንን ፈተና ይፈተኑ፣ የለንደንንም ዲግሪ ይቀበሉ ነበር። ይህ ዝግጅት ማኬሬሬ በ1963 የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል እስኪሆን ድረስ ቀጠለ። በ1970 ማኬሬሬ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ፈተናው ከለንደን መምጣቱ ቀርቶ ነበር፤ የፈተናው ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ እንደ ሆነ ቆየ።

ለጎልማሶችም በሮች ተከፍተው ነበር። ማኬሬሬ በ1953 ከግቢው ውጭ ለሚገኙ አዋቂዎች ትምህርት የሚሰጥ ክፍል አቋቋመ። ነፃነት ከተገኘ በኋላ በ1964 ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ1992 ደግሞ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በአገሬው ቋንቋዎች መሰጠት ጀመረ። በ2001 የወጣው የዩኒቨርሲቲዎችና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሕግም፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ውጤት የሌላቸው አዋቂዎች በልዩ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበትን መንገድ በግልጽ አስፍሯል።

እነዚህ እርምጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ መሰላሉ ከታችም ከላይም ጠንካራ ነው። ከታች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ አለ፤ ከላይ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ዲግሪ አለ። መካከለኛዎቹ እርከኖች ግን ሳስተዋል። በአገሩ ቋንቋ ማንበብ የተማረ ገበሬ ወይም ነጋዴ በእንግሊዝኛ ወደሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሸጋገርበት፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚያስኬድ የጎልማሶች ሥርዓተ ትምህርት እንደ ሁለቱ ጫፎች አልተደራጀም።

ይህ ክፍተት የኡጋንዳ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1948 የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው ተቋም ለሠራተኞችና ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ስሙ ራሱ አዋቂውን ሰው ሁለተኛ መደብ አድርጎ የሚጠራ፣ ጊዜው አላለፈብህም የሚል መልእክት ያለው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በሂደቱ ዐሥራ አምስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን የማስተማሪያ ቋንቋዎች አድርጎ ሁሉንም በግእዝ ፊደል ጻፋቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሰፊው ለንባብ የበቁት ያኔ ነበር። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ትምህርቱን መቀጠል ቢፈልግ ሁለት ሽግግር ይጠብቀው ነበር፤ አንዱ ወደ አማርኛ፣ ሌላው ወደ እንግሊዝኛ። ዘመቻው ማንበብ የቻሉትን ቆጠረ፤ በሽግግሩ ላይ የቀሩትን የሚቆጥር መዝገብ ግን አልነበረውም።

4. ሉዚራ

ይህን ክፍተት አጉልቶ የሚያሳየው የሉዚራ ታሪክ ነው። በሚያዝያ 1999 በሉዚራ 28 የሞት ፍርደኞች በስቅላት ተቀጡ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የሞት ፍርድ ተላልፎባቸው የሚጠባበቁት እስረኞች ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ከእነዚህ አንዷ በ2002 ባለቤታቸውን በመግደል ወንጀል ሞት የተፈረደባቸው ሱዛን ኪጉላ ነበሩ።

በ2003 ኪጉላና ሌሎች 416 የሞት ፍርደኞች ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ጉዳዩ በእርሳቸው ስም ሊጠራ የቻለው ስማቸው ከአመልካቾቹ ፊት በመስፈሩ ነው። አቤቱታው ብዙ ጭብጦች ነበሩት፤ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ዳኛው የወንጀሉን ሁኔታ ሳይመዝን የሞት ቅጣት እንዲወስን የሚያስገድደው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ሞት የተፈረደበትን ሰው ለረጅም ዓመታት በተስፋና በፍርሃት መካከል ማቆየት ኢሰብአዊ አያያዝ ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 10 ቀን 2005 ሁለቱንም ነጥቦች ተቀበለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጥር 21 ቀን 2009 ውሳኔውን አጸና። በመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔያቸው ከጸና ከሦስት ዓመት በላይ የቆዩ ፍርደኞች ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በአስገዳጁ ሕግ የተፈረደባቸው ሌሎች ደግሞ የቅጣት ማቅለያቸው እንዲሰማ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመለሱ። የኪጉላም ጉዳይ በዚህ መንገድ እንደገና ታይቶ በ2011 ቅጣታቸው ወደ 20 ዓመት እስራት ዝቅ አለ። በጥር 2016 ተፈቱ። በ2019 የአገሪቱ ምክር ቤት አስገዳጁን የሞት ቅጣት ከሕጎቹ የሚያወጣ ማሻሻያ አጸደቀ።

የትምህርቱ ታሪክ ከፍርዱ ታሪክ ጎን ለጎን ይሄዳል። ኪጉላ በእስር ላይ ሳሉ ያቋረጡትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቀጠሉ፤ በሴቶቹ እስር ቤት ውስጥ ሌሎች እስረኞች እንዲማሩ ትምህርት አስጀምረው ራሳቸውም አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የለንደን ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት በርቀት ተከታተሉ። ይህን ያስቻለው በአሌክሳንደር ማክሊን የተመሠረተውና ያኔ «የአፍሪካ እስር ቤቶች ፕሮጀክት» ይባል የነበረው ድርጅት ያመቻቸው ዕድል ነበር። ይኸው ድርጅት በኡጋንዳና በኬንያ እስር ቤቶች ለሚገኙ ሰዎች የለንደንን የሕግ ትምህርት እንዲያገኙ አድርጓል። በትምህርቱ እስረኞችና የእስር ቤት ሠራተኞች በአንድነት መሳተፋቸው የተለየ ያደርገዋል። በ2020 ድርጅቱ ስሙን «የፍትሕ ተከላካዮች» በሚል ለውጧል።

የሁለቱ ታሪኮች ቅደም ተከተል መስተዋል ያለበት ነው። የሞት ቅጣቱን ያስለወጠው አቤቱታ የተዘጋጀውና የተከራከሩበት በጠበቆች ሲሆን የሕግ ትምህርቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሉዚራ ታሪክ «ሕግ ተምራ ራሷን ከሞት አዳነች» የሚል ተረት አይደለም። ይልቁንም ሕጉ በሕይወታቸው ላይ የወሰነውን ነገር በራሳቸው ዐይን አንብበው ለመረዳት፣ ከተረዱም በኋላ ለሌሎች ለማስረዳት የፈለጉ ሰዎች ታሪክ ነው። የኪጉላም ሥራ ለራሳቸው በመማር አላበቃም፤ ሌሎች እስረኞች የይግባኝ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ረድተዋል። የነፃ ትምህርት ዕድል ተቀባይዋ መካሪም ነበሩ ማለት ነው።

ዕድሉ የራሱ ወሰን ነበረው። የለንደን የሕግ ዲግሪ ብቻውን በኡጋንዳ ፍርድ ቤት ጠበቃ አያደርግም፤ ጠበቃ ለመሆን ከዲግሪው በኋላ በካምፓላ በሚገኘው የሕግ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚሰጠውን የሙያ ዲፕሎማ መያዝ ያስፈልጋል። የዕድሉ ዋነኛ ዋጋ የታየው ስለዚህ በችሎት አዳራሽ ሳይሆን በእስር ቤቱ ግቢ፣ እስረኛ ለእስረኛ በሚሰጠው ምክር ነው።

5. አንድ ቃል፣ ሦስት ቋንቋዎች

እዚህ ላይ የቋንቋው ጥያቄ ይመለሳል። በ1995 የወጣው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ ያደርጋል፤ በ2005 በተደረገው ማሻሻያ ስዋሂሊ ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ታክሏል። ሕገ መንግሥቱ በ28ኛው አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው ክሱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። ይህ መብት ክርክሩን ይሸፍናል። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን እስረኛው ከፍርዱ ጽሑፍ ጋር ለዓመታት ይኖራል፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። በዚያን ጊዜ አስተርጓሚው የለም።

ምን ያህል ነገር በአንድ ቃል ላይ እንደሚንጠለጠል ለማየት «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቅጣት መመልከት ይበቃል። የኡጋንዳ የእስር ቤቶች ሕግ፣ የአመክሮ ቅናሽ ለማስላት ሲባል፣ የዕድሜ ልክ እስራትን እንደ 20 ዓመት ይቆጥረዋል። በዚህ ምክንያት ቅጣቱ በተግባር 20 ዓመት እንደ ሆነ ሲታሰብ ቆየ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2011 ቲጎ ስቲቨን በተባለው ይግባኝ ባዩ ጉዳይ፣ የዕድሜ ልክ እስራት ማለት የፍርደኛው ተፈጥሯዊ ዕድሜ እስኪያልቅ ድረስ ማለት ነው ሲል ተረጎመው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኪጉላ ጉዳይ የሞት ፍርዳቸው የተለወጠላቸው ሰዎች የተቀበሉት ደግሞ «ያለ አመክሮ ቅናሽ» የሚል ሐረግ የተጨመረበት የዕድሜ ልክ እስራት ነበር። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ አንድ ቃልና አንድ ሐረግ ናቸው፤ በሰው ሕይወት ግን በመውጣትና በአለመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ናቸው።

ይህን ለአንድ እስረኛ በሉጋንዳ የሚያስረዳ መካሪ ምን ቃል ይጠቀማል? በዛሬው ሉጋንዳ የዕድሜ ልክ እስራት የሚጠራበት የተለመደ ቃል «ማዪሳ» ነው። ቃሉ ከስዋሂሊው «ማኢሻ»፣ ሕይወት ከሚለው የተወሰደ ነው። ሉጋንዳ ለሕይወት የራሱ ቃል «ኦቡላሙ» እያለው ለቅጣቱ ግን የውሰት ቃል መያዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ስዋሂሊ በኡጋንዳ ለረጅም ዘመን የጦሩና የፖሊሱ ቋንቋ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ቃሉ ከቅጣት አስከባሪዎቹ ንግግር ጋር አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ለትርጉም ሥራ ትኩረት የሚስብ ነው። «ማዪሳ» ለሉጋንዳ ተናጋሪ የቅጣት ስም እንጂ የሕይወት ዘመን ገለጻ ላይሆን ይችላል። «ማዪሳ ማለት 20 ዓመት ነው» የሚል አረፍተ ነገር ለእርሱ እርስ በርሱ አይጋጭም። የአማርኛው «ዕድሜ ልክ» ግን በዕድሜ ልክ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ ሆኖም የኢትዮጵያም የወንጀል ሕግ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ የሚፈታበትን ዕድል ስለሚሰጥ፣ በስሙና በአፈጻጸሙ መካከል ተመሳሳይ ርቀት አለ። የሉዚራው መካሪ ቃሉን ተርጉሞ ማለፍ አይችልም፤ ታሪኩን ጭምር መንገር አለበት።

ሌሎችም ቃላት ይህንኑ ያሳያሉ። በሉጋንዳ እስረኛ «ኦሙሲቤ» ነው፤ «ኦኩሲባ»፣ ማሰር ከሚለው ግሥ። በስዋሂሊ «ምፉንግዋ» ነው፤ እርሱም ማሰርና መዝጋት ከሚለው «ኩፉንጋ»። የአማርኛው «እስረኛ» ከ«አሰረ» መምጣቱ ግልጽ ነው። ሉጋንዳና ስዋሂሊ ከማይዛመዱት ከአማርኛ ጋር በአንድ ሥዕል ተገናኝተዋል። የሉጋንዳው «አማቴካ» ደግሞ ዐሥርቱ ትእዛዛትንም የመንግሥትን ሕግም ይሸፍናል፤ ሕግ በአንባቢዎቹ ዘመን ከገባው የእምነት ትምህርትና ከቤተ መንግሥት ሥርዓት ጋር አብሮ የሚሰማበት ቃል ነው። እነዚህ ቃላት ለመካሪው መነሻ ይሰጡታል። የለንደኑ የፈተና ወረቀት የሚጠይቀው ግን የተራውን እንግሊዝኛ ቃል ልዩ የሕግ ፍቺ ነው። ተማሪው ከቤቱ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ ሕግ እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ይሻገራል።

6. ሌሎች ግቢዎች

የሉዚራ ተሞክሮ ብቸኛ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ግን የራሱ ገጽታ ይታያል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 ጀምሮ ተማሪው የትም ቢሆን ፈተናውን እንዲወስድ ፈቅዷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምርኮኞች ካምፕ የተፈተኑ ነበሩ። ኔልሰን ማንዴላም ከታሰሩ በኋላ የለንደንን የሕግ ትምህርት ይከታተሉ ነበር፤ በመጨረሻ ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1989 ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሮበን ደሴት እስረኞች እርስ በርስ እያስተማሩ ደሴቱን «ዩኒቨርሲቲ» ማለታቸውም የታወቀ ነው። በደሴቱ ግን ብዙዎቹ መካሪዎች ቀድሞውኑ በእንግሊዝኛ የተማሩ የፖለቲካ ሰዎች ነበሩ። የሉዚራ ተማሪዎች ከዚህ ይለያሉ፤ እንደ ኪጉላ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በእስር ቤቱ ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ የቅርቡ ምሳሌ ከዲግሪም ከነፃ ትምህርት ዕድልም ውጭ የሆነ ነው። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስረው ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ታዋቂ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ተረጎሙት። ጽሑፉ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤቱ ወጥቶ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለኅትመት በቃ። ይህ ሥራ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ የትርጉም ገድል ሆኖ ይጠቀሳል። ከጎልማሶች ትምህርት አንጻር ሲታይ ግን የመካሪነት ሥራም ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ እስረኛ እንግሊዝኛ ለማያነበው እስረኛ መጽሐፉን በቋንቋው አቀረበለት። ነቢይ መጽሐፉን ወደ አንባቢው ቋንቋ አመጡ፤ የሉዚራው ዕድል ደግሞ አንባቢውን ወደ መጽሐፉ ቋንቋ ይወስዳል። ሁለቱም መንገዶች ያስፈልጋሉ፤ ተመዝግቦና ተጠብቆ የቀረልን ግን ጽሑፍ ሆኖ የወጣው ብቻ ነው። በሉዚራ ክፍሎች ውስጥ በቃል የተተረጎመው የሕግ ትምህርት ከተናጋሪዎቹ ጋር እየተፈታ ወይም እያለፈ ይሄዳል።

7. መደምደሚያ

ከአንባቢዎቹ ዘመን እስከ ሉዚራ ያለው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ በዚህ አካባቢ የጎልማሶች ትምህርት ከመነሻው የተስፋፋው ተማሪ ተማሪን በማስተማሩ ነው፤ መካሪነት ከውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከፊደል ወደ ዲግሪ ሲያድግ የድጋፉ ቋንቋና የፈተናው ቋንቋ ተለያዩ፤ የነፃ ትምህርት ዕድሎቹም የታቀዱት ለፈተናው ቋንቋ ነው። ሦስተኛ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ «ማዪሳ» ባሉ ቃላት ላይ ሲታይ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው መቼ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የማወቅና ያለማወቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲታቀድ የክፍያ፣ የመጽሐፍና የፈተና ወጪ ብቻ መያዙ አይበቃም። የመካሪው ጊዜ፣ በተማሪው ቋንቋ የሚዘጋጅ የቃላት መፍቻና የሁለቱ ቋንቋዎች የንጽጽር ጽሑፍ የዕድሉ አካል ሊሆኑ ይገባል። የሉጋንዳ፣ የሉኦ፣ የሩንያንኮሬ–ሩኪጋና የሌሎቹም ቋንቋዎች የሕግ ቃላት በብዛት ያሉት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በእንዲህ ያሉ መካሪዎች አንደበት ነው። ይህን ቃል የመሰብሰብና የማሳተም ሥራ የአካባቢ ቋንቋዎችን የሚያጠኑ ምሁራን ሊሠሩት የሚገባ ነው፤ ለሥራውም ባለቤቶቹ መካሪዎቹ ራሳቸው በስማቸው እንዲመዘገቡ ያስፈልጋል።

በፖርት ቤል የመርከብ ጭነት ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲሻገር የጫነው፣ የተረከበውና የተሻገረበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። ከወደቡ አጠገብ ባለው ግቢ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ለኖረው እውቀት ግን እስካሁን እንዲህ ያለ መዝገብ አልተከፈተለትም።